ጥቁረቱን ተዉት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአያቱ የወረሰውን የድሮ ብር ይዞ እኔ ጋ ደብረ ብርሃን መጣ። «ጋሼ፣ በሎሚ ልሸው ወይስ በኮልጌት?» አለኝ። ዕድሜዬን በብር ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና ያውቃል ብሎ ነው። በሁለቱም እንዳትነካው አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ያቺ የመንዝ ሴት ትዝ ብላኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ ገና ወናፍ የምነፋ ልጅ ነበርኩ። ሴትዮዋ ከመሐል ሜዳ ነው የመጣችው። አለቃዬ ፊት ቁጭ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ስትፈታ ጠገራ ብሮች ወጡ። ልጇን ልትድር ነው፤ ድሪና መስቀል እንዲሠራላት ትፈልጋለች። ይሄ ብርቅ አልነበረም። ጠገራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ፊት ያለበት ማርትሬዛ ነው፤ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ለአንጥረኛ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? በየሰዉ አንገት ላይ ከምታዩት አሮጌ መስቀል ስንቱ ድሮ የዚያች የኦስትሪያ ንግሥት ፊት ነበረበት። አለቃዬ ስለ ጠገራ ከተነሣ አያቆምም። ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ ስላለው ስለ አልዩ አምባ ገበያ፣ አሞሌ ጨውና ጠገራ ስለሚመነዘርበት ዘመን ከአባቶቹ የሰማውን ሲያወራ ከሰሉ ይጠፋብን ነበር።

የዚያን ቀን ግን ብዙም አላወራም። ብሮቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እየጣለ ድምፃቸውን ሰማ። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። የሴት ፊት የለበትም። አንበሳ ነው። ገልበጥ ሲያደርገው ምኒልክ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበርኩ ቁጥሩን አንብቤዋለሁ፦ ፲፰፻፹፯። ፓሪስ የተመታው፣ ከአድዋ አንድ ዓመት የሚቀድመው ብር ነው።

«እመቤት፣ ይቺን እንኳ ቢያስቀምጧት?» አላት።

«ለማን ላስቀምጣት? የምትዳረው ልጄ አይደለችም እንዴ?»

ምን ይባላል? እሳት ውስጥ ገባች። መጀመሪያ ቀላች። ቀጥሎ ዳር ዳሯ ላላ። ከዚያ ንጉሡም አንበሳውም አንድ ላይ ፈሰሱ። ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ያቺ ቁጥር ከዓይኔ አትጠፋም።

ለነገሩ ባከነች ማለትም ይከብደኛል። ያ መስቀል ያምር ነበር፤ ምናልባት ዛሬም የልጅ ልጅ አንገት ላይ አለ። ብር ሲቀልጥ ሌላ ነገር ይሆናል። ሲፈተግ ግን ይበላሻል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። ኮልጌትም አመድም የላይኛውን ገጽ ይቧጭራሉ፤ ሎሚው ደግሞ አሲድ ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን እናንተ ቆሻሻ የምትሉትን ጥቁረት ነው። አንዴ ከሄደ አይመለስም።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ቲክቶክ ላይ «ይሄ ሳንቲም በሚሊዮን ይሸጣል» የሚል አይታችሁ ትሮጣላችሁ። ማርትሬዛው ላይ 1780 የሚል ሲያይ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ብር አለኝ» የሚለኝ ብዙ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እየያዘ በየአገሩ ሲመታ ኖሯል። ዓመቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ግን አልቆጣችሁም። በእኛ ጊዜ የአያቱን ብር አስቀምጦ እንዴት ልጠብቀው ብሎ የጠየቀ ወጣት አላየሁም።

ከሌባ ስለመጠበቅ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ባናውን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን ነው። የእኛ አገር ሰው ውድ ነገሩን በባና ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። የበግ ጠጉር ድኝ አለበት፤ ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። የብር ላስቲክም እንደዚያው። የኩበት ጭስ የሚገባበት ክፍልም አይሆንም። ጥቁረቱን ተዉት ብያለሁ፤ አዎ፣ የቆየውን። አዲስ ጨምሩበት ግን አላልኩም።

ለስላሳው ፕላስቲክ ከሁሉ ይብሳል። አዲስ የዝናብ ልብስ የሚሸተውን ዓይነት ማለቴ ነው። ቀስ እያለ አሲድ ያወጣና ሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ያ ከታየባችሁ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክራችሁ አውጡ እንጂ አትጥረጉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሽቶና ዘይት ስላለበት አይሆንም። ደግሞ አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ከምድጃ ራቁ፣ መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በኋላ ሳንቲም ለማስቀመጫ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ግልጽ መያዣ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ሳጥኑ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምታገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣል አድርጉ፤ እሱም ይጠግባልና ቀያይሩት። ስታነሡ በጠርዙ ያዙ።

ለእናቶቻችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ የሳንቲም ሳጥንም አይተርፍም፤ እኔ ጋ ከመጡት የተፋቁ ብሮች ብዙዎቹ የተፋቁት በበዓል ዋዜማ ነው።