የፋይቭ ኤል ሞተርን የታይሚንግ ቺንጊያ በጊር ስለመተካት

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንተም ተሳፋሪዎችህም በሰላም በመውረዳችሁ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ የቶዮታ ሃይስህ ፋይቭ ኤል (5L) የናፍጣ ሞተር ታይሚንግ ቺንጊያ (ባለ ጥርሱ የጎማ ቀበቶ) ከተቀየረ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው መንገድ ላይ ተበጥሶ ቫልቮቹን አጣሟል። መካኒክህ ደግሞ ቺንጊያውን ጨርሶ አስወጥቶ ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የናፍጣ ፓምፑንም በጊር የሚያዞር ኪት (የተሟላ የዕቃ ስብስብ) ልግጠምልህ ብሎሃል። እኔ ይቅርብህ ባይ ነኝ። መካኒክህ ግን ዋሽቶሃል አልልም፤ ኪቱ ለቱ ኤል፣ ለስሪ ኤልና ለፋይቭ ኤል ሞተሮች ተብሎ የሚሠራ እውነተኛ ዕቃ ነው፤ ገጥመውት የሚሠሩ መኪኖችም አሉ።

በዚህ ሞተር ላይ ያ አንድ ቺንጊያ ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዘንግ ከክራንክሻፍቱ ተነስቶ ሁለት ነገሮችን ያዞራል፤ ካምሻፍቱንና የናፍጣ ፓምፑን። የውሃ ፓምፑ የውጭው ቺንጊያ ሥራ ስለሆነ እዚህ አይገባም። ከሁለቱ አስቸጋሪው የናፍጣ ፓምፑ ነው። ናፍጣውን ወደ ኖዝል (ናፍጣ ወደሚረጨው አፍ) በገፋ ቁጥር ቺንጊያውን ይጎትታል፤ ግፊቱ ሲያልቅ ይለቃል። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይህ መጎተትና መልቀቅ አያርፍም። ቶዮታ ራሱ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ዋን ኤች ዜድ በተባለ የናፍጣ ሞተር፣ ኋላም በዋን ኬ ዜድ ላይ ፓምፑን በጊር አዙሮ ለቺንጊያው ካምሻፍቱን ብቻ ተወለት። ስለዚህ ፓምፕን በጊር ማዞር በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። እነዚያ ሞተሮች ግን ገና ሲነደፉ ለጊር ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ የጊሩ ማረፊያ፣ ዘይት የሚደርስበት ቀዳዳ፣ ዘይቱ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) የሚመለስበት መንገድ ሁሉ ከብሎኩ ጋር አብሮ ወጥቷል።

የአንተ ሞተር ፊት ደረቅ ነው። ቺንጊያ ዘይት ሲነካው ይበላሻል፤ ጊር ደግሞ ያለ ዘይት አይኖርም። ኪቱ ሲገጠም ደረቁን ፊት እርጥብ ታደርገዋለህ፤ ከሞተሩ የዘይት መስመር ላይ ቀጭን ቱቦ ተስቦ ጊሮቹን ማጠጣት አለበት። መመለሻው በትክክል ካልተሠራ ዘይቱ ሽፋኑ ውስጥ ይጠራቀምና በጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው ማሸጊያ) በኩል ያፈሳል። ሌላም ጣጣ አለ። በቺንጊያው ጥርስ የሚዞር ፑሊ ሁሉ ከክራንክሻፍቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፤ ጊር ግን የነካውን ጊር በተቃራኒው ነው የሚያዞረው። አቅጣጫው እንዳይገለበጥ መካከለኛ ጊሮች ይገባሉ፤ የእነርሱ ዘንግ የሚታሰረው ለዚህ ሸክም ባልታሰበ ብሎክ ላይ ነው። ዘንጉ ጥቂት ከላላ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ሞተሩ ማጉረምረም ይጀምራል፣ ፓምፑ ናፍጣ የሚረጭበት ጊዜም ይዛባል። ጥርስ የተሰበረ ዕለት ቫልቩ መጣመሙ አይቀርም፤ በዚያ ላይ የብረት ስባሪ ኮፓ ውስጥ ይገባል። ቺንጊያ ሻሸመኔም ደሴም ታገኛለህ፤ የኪቱ አንድ ጊር ቢበላሽ ግን የአዲስ አበባን የመለዋወጫ ሰፈር ሶማሌ ተራን ሙሉ ዞረህ ላታገኘው ትችላለህ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለ100 ሺህ ኪሎ ሜትር የታሰበ ቺንጊያ በ60 ሺህ ለምን ተበጠሰ? አሮጌውን ካልጣልከው አምጣውና በብርሃን ተመልከተው። ጎማው አብጦ ከለሰለሰና ናፍጣ ከሸተተ የሚያፈሰው የናፍጣ ፓምፑ የፊት ፓራኦሊዮ (በዘንጉ ዙሪያ ፈሳሽ እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) ነው። ብዙ ጋራዥ የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን ፓራኦሊዮ ቀይሮ ይህን ሦስተኛውን ይዘለዋል፤ እኔ ከማያቸው ያለ ዕድሜያቸው ከሞቱ ቺንጊያዎች ብዙዎቹን የገደለ እሱ ነው። ጥርሶቹ ተሸልተው ከሆነ አንድ የሚዞር ነገር ይዟል ማለት ነው፤ ወይ የመወጠሪያው ኩሽኔታ፣ ወይ ውሃ የገባበት የናፍጣ ፓምፕ። ፓምፑ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ጊር ብትገጥምለትም አይድንም፤ ጊሩን ወይም የፓምፑን ዘንግ ይሰብርልሃል። አንዱ ጠርዝ ተበልቶ ከሆነ መወጠሪያው ተንጋዷል። በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከተበጠሰ ቺንጊያው ከመገጠሙ በፊት ታጥፎ ነበር፤ አንዳንድ ሻጭ ከካርቶኑ አውጥቶ አጥፎ በላስቲክ ያስረዋል፣ እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ።

ስለዚህ ለኪቱ ያሰብከውን ገንዘብ እዚያ ላይ አውለው፤ አዲስ ቺንጊያ፣ አዲስ መወጠሪያ ከነስፕሪንጉ፣ ሦስቱም ፓራኦሊዮዎች። ሲገጠም አጠገቡ ቁም። መወጠሪያውን በካቻቢቴ ፈንቅሎ የሚያጠብቅ ካየህ አስቁመው። ብሎኑ ላላ ተደርጎ ስፕሪንጉ ራሱ ይወጥረዋል፤ ክራንክሻፍቱ በእጅ ሁለት ዙር ይዞራል፤ ምልክቶቹ መግጠማቸው ታይቶ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠብቀው። ሽፋኑም ከነጎማው ይመለስ፤ በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ያለ ሽፋን ሲሄድ ሳይ ያመኛል። በእኛ አቧራ 80 ሺህ ላይ ብትቀይረው እመክራለሁ። የዳሽቦርዱን የቺንጊያ መብራት ብቻ አትጠብቅ፤ ዳሽቦርዱ ከሌላ መኪና የመጣ ከሆነ መብራቱ የሚቆጥረው የሌላ ሰው መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምተህ ኪቱን ከመረጥክ፣ የዘይት ቱቦው ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት አሳየኝ በል። ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች በኋላም ዘይቱን አስወርደህ ማግኔት አስገባበት፤ ብረት ከያዘ አትንዳው።

በሁለቱም መንገድ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) አሁን ስለወረደ ቫልቮቹን ብቻ ቀይሮ መክደን አይበቃም። ይህ ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥለው አየሩን 22 ለ1 ገደማ አምቆ ስለሆነ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ለተከፈተ ቫልቭ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ምቱ ካምሻፍቱንም ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ይታይ። በመጨረሻ የፓምፑ ጊዜ ምልክት ከምልክት በማገናኘት ብቻ ሳይሆን እንደ ሰዓት መርፌ ባለው መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ይስተካከል። ከቀደመ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ከዘገየ ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። መካኒክህ ይህ መለኪያ ከሌለው ለዚህች ሥራ ብቻ የናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ ጥራ።