ሳይጠረግ ፖሊስ ይጠራ፦ ጥያቄና መልስ

ስልኬ ኮምቦልቻ ላይ ተሰረቀ። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ጣለው፤ እንግዲህ ምን ይገኛል?

ሲሙ ቢጣልም የቀፎው መለያ ቁጥር፣ አይ ኤም ኢ አይ የሚባለው፣ አብሮ አይጣልም። 15 አኃዝ ነው፤ ባለሁለት ሲም ቀፎ ሁለት አለው። አዲስ ሲም ገብቶ ኔትወርክ ሲይዝ ቀፎውና ሲሙ አንድ ላይ ይመዘገባሉ፤ መርማሪው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ አለና ይዘው ጣቢያ ያመልክቱ። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ያለ ደግሞ ዛሬውኑ *#06# ነክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። እዚያው ስልክ ውስጥ መዝግቦ መተኛት ግን ምን ይባላል?

ሌባ ጓንት ካደረገ በቃ?

እግሩንስ የት ያደርገዋል?

ደሴ ሙጋድ ሱቅ ያላቸው እናት፦ ሌሊት ሌባ ቁልፍ ሰበረ፤ ከዚያ ጎረቤት ገባ፣ ዕቃ ተሰበሰበ፣ ተጠረገ፤ ፖሊስ ሲመጣ ተቆጣ። ካሜራው 3፡07 ይላል፣ ዘበኛው ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ማን ዋሸ?

ማንም አልዋሸም። ካሜራው በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ከሌሊቱ 9፡07 ማለቱ ነው። ሰዓቱን ግን እንዳያስተካክሉት! የመቅረጫውን ሰዓት ከስልክዎ ሰዓት ጎን አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ ልዩነቱ ራሱ ለመርማሪው ያስፈልጋል። ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየደመሰሰ ይቀርጻልና ቶሎ ይገልበጥ። የሚገለበጠውም ዋናው ፋይል ነው፤ ስክሪኑን በስልክ መቅረጽ ፊትን ያደበዝዛል።

ፖሊስ የተቆጣው በመጥረጊያው ነው። ሰው ለማጽናናት መምጣቱ ደግ ነው፤ ከበር ውጭ ይሁን እንጂ። የጣት አሻራ ላብና ቅባት ነው፤ መስታወት፣ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ላይ ይቆያል፣ በጨርቅ ይጠፋል። የመስኮት መስታወት ስባሪን የነቀለ ሰው አውራ ጣቱን በአንድ ፊት፣ ሌሎቹን በሌላው ፊት ያሳርፋል፤ እናንተ ግን ስባሪውን መጀመሪያ ትጥላላችሁ። የተቆረጠ ቁልፍም ይገጥም እንደሆነ እየተባለ አይሞከር፤ የመቁረጫው ጭረት ይበላሻል። ጭቃ ላይ የጫማ ዱካ ካለና ዝናብ ከመጣ ሳፋ ድፉበት። ደም የነካውን ዕቃ ፌስታል ውስጥ አትክተቱ፤ እርጥበቱ ታፍኖ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ባለሙያው አድርቆ በወረቀት ይይዘዋል። የቤተሰቡም አሻራ ሊወሰድ ይችላል፤ ከሌባው ለመለየት ነውና አትቀየሙ።

ባለቤቴ ሐይቅ ከተማ ነኝ እያለኝ የት እንደሚያድር ከቴሌ የሚያወጣልኝ ሰው አለ?

ካለም ወንጀል እየሠራ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የትራፊክ መረጃ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየው መዝገብ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያዝ ያዛል፤ የሚገለጠው ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ደግሞም የኔትወርክ ማማ አካባቢን እንጂ ቤትን አይጠቁምም። እንደ ወሎ ባለ ተራራማ አገር ስልክ ቅርቡን ማማ ትቶ ከማዶ ጉብታ ያለውን ሊይዝ ይችላል። የትዳሩን ነገር ለሽማግሌ።

ከወልድያ የጻፍሽልን እህት፦ በቴሌግራም ፎቶሽን እበትናለሁ እያለ ገንዘብ ይጠይቅሻል፤ ወንድምሽ ሁሉንም አጥፊው አለሽ።

አታጥፊ። እሱም ከሁለታችሁ ስልክ ሊያጠፋው ይችላልና ቀድመሽ መልእክቱን፣ ቀኑን፣ የተጠቃሚ ስሙንና ገንዘብ ላኪበት ያለሽን የሒሳብ ቁጥር በስክሪንሾት ያዢ። ስሙን በደቂቃ ይለውጠዋል፤ ገንዘብ የሚቀበልበት ሒሳብ ግን ባለቤት አለው፣ መርማሪው ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። አትክፈዪ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ክፈል ይባላል። ስልክሽን ሳትፎርማቺ ዛሬ ጣቢያ ሂጂ፤ ሴት መርማሪ እንድትቀበልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ነገም አትበዪ።

መንትዮች አሻራቸው አንድ ነው?

አይደለም። ተመሳሳይ መንትዮች ዲኤንኤያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ሆኖ ሳለ የጣት አሻራቸው ይለያያል።