መልስ፦ ሎሚዬ ላይ ያለው የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ምንድን ነው?

አይዞሽ አቦ፣ መድኃኒት እንዳትረጪ! ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢሽ ውስጥ ሎሚሽን የሚበላው የቢራቢሮ ልጅ ነው። እናቲቱን ሳታውቂያት አትቀሪም፤ በድሬ ብርቱካንና መንደሪን ላይ የምትዞረዋ፣ ጥቁርና ቢጫ፣ ትልቋ ቢራቢሮ ናት። ቅጠሉን የምትለየው በእግሯ ቀምሳ ነው። አዎ፣ ቢራቢሮ በእግሯ ትቀምሳለች!

ትሉ በትንሽነቱ ኩስ መምሰሉ ወፎች ንቀው እንዲያልፉት ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ በስንጥር ነካ አድርጊው። ከጭንቅላቱ ኋላ ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ቀላ ያለ ቀንድ ብቅ ያደርግና ኃይለኛ ሽታ ይለቃል። ልጆች ካሉሽ አሳዪያቸው፣ ይስቃሉ።

ትልቅ ዛፍ ብዙም አይጎዳም። ችግኝ ከሆነ ግን ቅጠሉን ሊጨርሰው ይችላል፤ ትሎቹን በእጅሽ ለቅመሽ ወደ ትልቅ የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ አዛውሪያቸው። አይናደፉም።