የመሣሪያው ክስ በየትኛው ወንጀል ላይ ነው የቆመው?

ሜሪላንድ ሕግ የምትማር አንዲት ልጅ በቀደም "ጋሼ፣ ሕጉ ግልጽ አይደለም ብሎ እስረኛ ማስፈታት ይቻላል?" አለችኝ። ይቻላል። ግን የማልረሳው እስር ቤት የቀረውን ልጅ ነው።

በአሜሪካ ፌደራል ሕግ "የኃይል ወንጀል" ሲፈጽም መሣሪያ የያዘ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት ይጨመርበታል፣ ያውም ሌላውን ቅጣት ከጨረሰ በኋላ። የኃይል ወንጀል የሚባለው የቱ ነው? አንደኛው ትርጉም በባሕርይው ኃይል የመጠቀም አደጋ ያለበት ይላል። ዳኛው ቁጭ ብሎ "የተለመደው" ዝርፊያ ምን እንደሚመስል ያስባል ማለት ነው! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2019 ዴቪስ በሚባል ሰው መዝገብ ይህን ትርጉም 5 ለ 4 ጣለው፤ ግልጽ ያልሆነ ሕግ ሕግ አይደለም ብሎ።

በዚያ ሰሞን አንዲት እናት ወረቀቱን በፌስታል ይዘው መጡ። "ሕጉ ወድቋል አሉ፣ ልጄ መቼ ነው የሚመጣው?" ክፍሉን ቀለም አስቀብተዋል። ልጃቸውና ጓደኛው አንድ ሱቅ አብረው ዘርፈው፣ ሁለቱም ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድረው ጥፋታቸውን አምነዋል። የጓደኛው የመሣሪያ ክስ የቆመው ለዝርፊያ በማሴር ላይ ነው። የሳቸው ልጅ በዝርፊያው በራሱ ላይ። ማሴር በወደቀው ትርጉም ሥር ስለነበር ጓደኛው የመሣሪያው ቅጣት ተነሣለት። ዝርፊያ ግን በሌላኛው፣ ባልተነካው ትርጉም ይሸፈናል፤ እሱ ኃይል መጠቀም ወይም በኃይል ማስፈራራት የወንጀሉ አካል የሆነበትን ነው የሚለው። ድርድሩ ሲጻፍ ያቺ መስመር ለውጥ ታመጣለች ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። እናትየው "አብረው አይደል እንዴ የገቡት?" እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። እስካሁን ይቆጨኛል፣ ምን ብዬ ላስረዳቸው? በ2022 የዝርፊያ ሙከራም ከኃይል ወንጀልነት ሲወጣ እንደገና ደወሉ። እሱም አልጠቀማቸውም፣ ልጆቹ ገንዘቡን ወስደው ወጥተዋላ።

የዛሬ ልጆች አንድ ደቂቃ ቲክቶክ አይታችሁ "ተፈታ!" ትላላችሁ። መጀመሪያ የክሱንና የድርድሩን ወረቀት አንብቡ፣ ፍርዱን ብቻ አይደለም። ለቤተሰብ ቶሎ ተስፋ አትስጡ። ግን ደግሞ ክርክሩ ደካማ ነው ብላችሁ ቅጣቱ ይነሣ የሚለውን ማመልከቻ አታዘግዩ፣ እኔ ደካማ ያልኩት ሲያሸንፍ አይቻለሁ። የማመልከቻው ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲሱን መብት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ነው። የዴቪስ ቀን ያለቀው በጁን 2020፣ ኮቪድ እስር ቤቶችን በዘጋበት ሰሞን ነበር። ጠበቃ የሌለው እስረኛ ቀኑ የሚቆጠርለት ወረቀቱን ለእስር ቤቱ ፖስታ ካስረከበበት ጀምሮ ነውና ያስረከበበትን ቀን ጽፎ ይፈርምበት።