ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት፦ በማደጎ ያደጉ አንባቢዎች ስለ ትዳር የጠየቁት

የዛሬዎቹ ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ደሴ ያደገች አንዲት አንባቢ ፍቅረኛዋ በጥር ሽማግሌ ሊልክ ነው። የእሱ ቤተሰብ ሰባት ቤት ሳይቆጥር አያጋባም። እሷ በሕፃንነቷ ከሌላ ቤት መምጣቷን ደግሞ አልነገረችውም። አሳዳጊዎቿ «የእኛን ዘር ቁጠሪ፣ ማን ያውቃል?» ይሏታል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን አታድርጊው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ደም እንዳይገናኝ ነው። የአሳዳጊዎችሽን ዘር ብትቆጥሪ የአንቺ ደም ሳይቆጠር ይቀራል። ደግሞ እንዲህ ያለ ምስጢር ለቅሶ ቤት ወይም ሠርግ ላይ ከአንድ አክስት አፍ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ባልሽን የሚያስከፋው በማደጎ ማደግሽ ሳይሆን መደበቅሽ ነው።

በመጀመሪያ ለእሱ ብቻ ንገሪው፤ ሽማግሌው ከመላኩ በፊት። ከዚያ ወደ አሳዳጊ እናትሽ ሂጂ። «እኔ ማን ነኝ?» ብለሽ ብትጀምሪ ታለቅሳለች፣ ወሬውም እዚያው ይቆማል። በትንንሹ ጠይቂያት፦ ከየት ወረዳ፣ ከየትኛው ጎጥ መጣሁ? ማን አመጣኝ? የወለደችኝ ስሟ ማን ነው? የት ደብር ክርስትና ተነሣሁ? የክርስትና እናቴስ? የመጨረሻው እንዳይቀር፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የክርስትና ዝምድናም ጋብቻን ይከለክላል። ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት የጸደቀ ከሆነ የወላጆችሽ ነገር በመዝገቡ ላይ ሊኖር ስለሚችል ግልባጭ ጠይቂ። የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነውና ነገ አትበይ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ከተገኘው ስም ተነሥተው ይቁጠሩ። ያልተገኘው «አልተገኘም» ይባል እንጂ ስም አይፈጠርለት። ጥርጣሬ ከቀረ ሁለታችሁ የዘረመል ምርመራ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ወሰኑን ግን እወቁት። ወንድምና እህት በአማካይ 50 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ 25 በመቶ፣ የአጎትና የአክስት ልጆች 12.5 በመቶ ገደማ ዘረመል ይጋራሉ፤ ይህ በደንብ ይታያል። ሰባተኛ ቤት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ ነገር አይኖርም። አባትነት ለማረጋገጥ የሚሠራው የተለመደው ምርመራም ለዚህ አይበቃም፤ ሰፊውን የዝምድና ምርመራ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የጥሪ ካርድ ላይ የማን ስም ይጻፍ፣ የወላጅ አባቴ ወይስ የአሳዳጊዬ?

መልስ፦ የሚድርሽ ሰው ስም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ ወጣት ነው። ያሳደጉት ሴትዮ የወለዷትን ልጅ ይወዳል። «ደም አያገናኘንም» ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደም ብቻ አይደለም የሚከለክለው። ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ከጸደቀ በሕግ የእናቲቱ ልጅ ነህ፣ ልጅቱም እህትህ ናት። እንዲያው ያሳደጉህ ከሆነ ደግሞ ጡት አጥብተውሃል ወይ? በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ አተረጓጎም መንገድ) ሁለት ዓመት ሳይሞላህ አምስት ጊዜ ከጠባህ የጡት ወንድሟ ነህ፤ በሐነፊ ጥቂትም ይበቃል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀብ ስላለ በግምት አትሂድ። አሳዳጊህን ይዘህ ቃዲው ዘንድ ቅረብ፤ ከዚያ በፊት ለልጅቱ አንዲት ቃል እንዳትናገር።

ጥያቄ፦ ያሳደጉኝ ሰው ለኒካሄ ወሊይ (ሙሽራዋን የሚድር) ይሆናሉ?

መልስ፦ አብሽሪ፣ መፍትሔ አለው። ማሳደግ ዘርን ስለማይለውጥ በማሳደጋቸው ብቻ ወሊይ አይሆኑም። ወሊይነቱ የወላጅ አባት፣ ከዚያ የአባት አባት፣ ወንድም፣ የአባት ወንድም እያለ ይወርዳል፤ ማንም ከሌለ ለቃዲው ነው። ግን ወሊዩ አሳዳጊሽን ወኪል ማድረግ ይችላል፤ ስለዚህ ክብራቸው አይነካም። የኒካሁ ዕለት ከማወቅ ከሳምንታት በፊት ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሦስት ዓመቱ ነው ለአሳዳጊ የተሰጠው። ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ በየሰዓቱ ይደውላል። ስንጣላ «አንቺም ሂጂ» ይላል።

መልስ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያውቃትን እናት ያጣ ልጅ ካደገም በኋላ መለየትን ሊፈራ ይችላል። ጥሪውን ሁሉ አታንሺ፤ እያንዳንዱ ለጊዜው ያረጋጋዋል፣ ቀጣዩን ግን ያፈጥነዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ለመደዋወል ተስማሙ፣ ለምሳሌ ምሳ ላይና ማታ፤ በሰዓቱ የምትደውይው አንቺ ሁኚ። በጠብ መሀል «ትቼህ እሄዳለሁ» የሚለው ቃል ከአፍሽ አይውጣ። መውጣት ካስፈለገሽ «በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ» በይና በግማሽ ሰዓት ተመለሺ። ስልክሽን መፈተሽ፣ ከቤት መከልከል ወይም እጅ ማንሳት ከመጣ ግን በማደጎ ማደጉ ምክንያት አይሆነውም፤ ለራስሽ ደኅንነት የሚረዳሽ ሰው ፈልጊ። እንቅልፍ ካጣ ወይም ሥራ ካቃተው ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሂድ። ይህን «ቢቻል» ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ይዘሽው ሂጂ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። በቤተሰብ ስኳር ወይም ግፊት አለ ወይ ሲሉኝ ምን ልበል?

መልስ፦ «በማደጎ ስላደግሁ አላውቅም» በይ። «የለም» ካልሽ ምርመራ ሊዘለልብሽ ይችላል። ግፊትሽ በየክትትሉ፣ ስኳርሽ ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲለካ ጠይቂ።