አዲሱ ሹካ ለምን ያንኳኳል?

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ አንድ አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የሳይክሌ የፊት ሹካ ስለተጣመመ ያገለገለ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። ጎማውም ፍሬኑም ልክ ገባ። ግን የፊት ፍሬን ስይዝ ከመሪው ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ዳዶውን ሳጠብቀው መሪው ይደርቃል፣ ሳላላው መልሶ ያንኳኳል። ሹካው ነው የተበላሸው?»

አቦ፣ ሹካውን ለመጣል አትቸኩል። መጀመሪያ ንቅንቅታው የቱ ጋ እንዳለ እንወቅ። የፊት ፍሬኑን ያዝና ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቀው። በሌላኛው እጅህ ጣት የአንገቱን (ሹካው ሻሲው ውስጥ የሚያልፍበትን) የታች መጋጠሚያ ንካ፣ ከዚያ የላዩን።

ከታች ከሆነ ቀለበቷን ጠርጥር። አሮጌውን ሹካ እየው፤ ሁለቱ እግሮች ከተገናኙበት በላይ፣ አንገቱ ሥር፣ የብረት ቀለበት ተጣብቃ ቀርታለች? የታችኞቹ የኩሽኔታ ብዮች የሚሽከረከሩት እሷ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሹካው አካል እየመሰለችው ከአሮጌው ጋር ይጥላታል። አዲሱ ሹካ የራሱን ቀለበት ይዞ ቢመጣም ከአንተ ብዮች ጋር ላይገጥም ይችላል።

ስለዚህ የድሮዋን ግራና ቀኝ እያፈራረቅህ በቀስታ እየመታህ ከአሮጌው ሹካ አውጣት። አንዱን ጎን ብቻ ከደበደብክ ትጣመማለች። ወደ አዲሱ ስትገባ ጠበቅ ማለት አለባት፤ አንገቱ ላይ የሚጠለቅ ቱቦ አስገብተህ ቱቦውን በመዶሻ ምታው። በእጅ ተገፍታ ከገባች ሰፍታለች። አንገቱ 1 ኢንች በሆነ ሹካ ቀለበቷ የምትቀመጥበት ቦታ አንዳንዱ 26.4፣ አንዳንዱ 27 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በዓይን አይለይም፣ በካሊበር ለካው። ቆርቆሮ ጠቅልለው የሚያጠብቁ አሉ፤ እኔ አልመክርህም፣ ተመልሶ ይላላል። ልኳን ፈልግ።

ብዮቹ በቤታቸው የታሰሩ ከሆኑ ተገልብጠው እንዳይገቡ። ከተገለበጡ ቤቱ ራሱ ብረት እየፈተገ መሪው ይደርቃል። ያንተም መድረቅ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ግራሶ አትሰስት፣ ወደ ውጭ የወጣውን ግን ጥረገው፤ የደቻቱ አሸዋ የሚለጠፈው እሱ ላይ ነው።

ንቅንቅታው ከላይ ከሆነ የአዲሱ ሹካ አንገት ረዝሞ ይሆናል። የላይኛው ዳዶ የቱቦውን ጫፍ ነክቶ ይቆማል፤ አንተ የጠበቀ ይመስልሃል፣ ከሥሩ ያለውን ግን አልያዘውም። ሮንዴላ ጨምርበት። ካልበቃ በሴጌቶ ቁረጠው። ከመቁረጥህ በፊት ግን አንድ ዳዶ ከሚቆረጠው በታች አውርድ። ቆርጠህ ጫፉን ከሞረድክ በኋላ ስታወጣው የተበላሸውን ጥርስ ያስተካክልልሃል።

ስትገጥም የታችኛውን ዳዶ በእጅህ እስኪቆም አጥብቅና ትንሽ መልሰው። በአንድ ቁልፍ ይዘኸው የላዩን አስረው። የፊቱን ከመሬት ስታነሳው ጎማው በራሱ ወደ ጎን መዞር አለበት፣ ፍሬን ይዘህ ስትነቀንቀው ደግሞ ምንም ማንኳኳት የለም። ሁለቱ አብረው እስኪገኙ መላልሰህ አስተካክል።

የመሪው ዘንግ ላይ የተቀረጸችው መስመር ከውጭ ከታየች በቂ አልገባም ማለት ነው፤ ከፍታው ቢመችህም ዝቅ አድርገው። አሮጌውን የተጣመመ ሹካ አቃንተህ ለሌላ ሳይክል እንዳትሰጥ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ ሞክረውና ዳዶውን እንደገና አጥብቅ። ወደ ከዚራ ከዚያ በኋላ ውጣ።