ዳማከሴና ጤና አዳም፦ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

በብዙ ጓሮ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ዳማከሴው አጥር ተደግፎ፣ ጤና አዳሙ ደጃፍ ላይ። አብረው ስለሚኖሩ አያያዛቸውም አንድ ይመስለናል። ስለ ጓሮ መድኃኒት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ስል ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚሁ የተነሱ ናቸው። ሁለቱንም ለዓመታት ተክያለሁ፤ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ሁለቱን በአንድ መደብ ተክዬ በየቀኑ እኩል አጠጣለሁ። ዳማከሴው ለምልሟል፤ ጤና አዳሙ ግን ቢጫ ሆኖ እየረገፈ ነው። ምን በደልኩት?

እህቴ፣ ውሃው ነው የበዛበት። ዳማከሴ የእኛው የአፍሪካ ደጋና ወይና ደጋ ተክል ነው። በተፈጥሮው ጫካ ዳር፣ ቁጥቋጦ መሀል ይበቅላል። እርጥበት ይወዳል። ሲጠማው ቅጠሉ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ቀና ይላል። ጤና አዳም ግን መነሻው የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ድንጋያማ፣ ደረቅ፣ ፀሐይ የሚበዛበት አገር። ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ጠማው ብሎ ውሃ ይጨምርለታል። የሚገድለውም እሱ ነው።

አሁን ለጥቂት ቀናት ምንም አታጠጪው። ከዚያ በኋላ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጪ። ቢቻል ደግሞ ቦታቸውን ለዪ። ጤና አዳሙ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበት ይሁን፤ ዳማከሴው ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያገኝ አይከፋውም።

ጥያቄ፦ ግቢያችን መረሬ አፈር ነው። ጤና አዳም በክረምት እየሞተብን ተቸገርን።

መረሬ ውሃ ይይዛል። ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፤ አሸዋና ጠጠር ቀላቅሉበት። ፍግ አታብዙበት። ዳማከሴውን እዚያው መረሬው ላይ ብስባሽ ጨምራችሁ ብትተክሉት ይችላል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ የዳማከሴ ቅርንጫፍ ሰጠችኝ። ዝም ብዬ ብሰካው ይበቅላል?

ይበቅላል፤ እሱ ላይ ዳማከሴ ቸር ነው። አበባ ያላወጣ ቅርንጫፍ ምረጪ፤ አንድ ስንዝር ያህል። የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፊ። ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ ይግባ። ጥላ ውስጥ አድርገሽ እርጥበቱን ጠብቂ። ክረምት መግቢያ ላይ ከሆነ በሦስት ሳምንት ገደማ አዲስ ቅጠል ታያለሽ። ጤና አዳምም ከቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ግን በፍሬው ይቀላል። የደረቀውን ፍሬ ስትፈረክሺው ትናንሽ ጥቁር ዘሮች ይወጣሉ። ከላይ በስሱ ብቻ አፈር አልብሺያቸው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ዳማከሴዬን ያጠቁረዋል።

እማማ፣ ጤና አዳምዎ ቀላል ውርጭ ይቋቋማል፤ ለዳማከሴው ይዘኑለት። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ ይተከል፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይሰጠዋል። ማታ ማታ ጆንያ ያልብሱት፤ ጠዋት ይግፈፉት። የጠቆረውን ቅርንጫፍ ቶሎ አይቁረጡት። ውርጩ እስኪያልፍ የታችኛውን ይሸፍንለታል። ሥሩ ከተረፈ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ጥያቄ፦ ዳማከሴ እውነት ምች ያድናል? ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ጭማቂውን አፍንጫዋ ውስጥ ጠብ አድርጊላት ይሉኛል።

ይሄኛውን ረጋ ብዬ ልመልስ። አሠራሩን ሁላችንም ከእናቶቻችን አይተናል። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ይሸተታል፤ አዋቂ ከቡና ጋር ይጠጣዋል። መሠረት የሌለው ነገርም አይደለም። ከቅጠሉ የተወሰደ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳትና ሕመም ሲቀንስ ታይቷል። ግን አይጥና ሰው ለየቅል ናቸው።

ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። ምች የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። አንዱ ጉንፋን ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የሄርፐስ ቫይረስ ነው። አንዱ ደግሞ ወባ ወይም ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን ዳማከሴ አያድናቸውም። ለልጅሽ አፍንጫዋ ውስጥ ምንም አታድርጊ። ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ትኩሳት ካላት ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ወባ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ዛሬውኑ። አንቺ ራስሽ ጉንፋን ሲይዝሽ ቅጠሉን አሽተሽ ብታሸቺው ግን እኔም የማደርገው ነው።

ጥያቄ፦ ያለ ጤና አዳም ቡና አይጥመኝም። አሁን የእርግዝናዬ አራተኛ ወር ነው። ችግር አለው?

እንኳን ማርያም ማረችሽ እስክንልሽ ተዪው። ጤና አዳም ማሕፀን ያኮማትራል፤ በብዛት ሲወሰድ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል። ተፈልቶ መጠጣቱ በፍጹም አይሆንም። ስኒ ውስጥ የምትነከረው ቀንበጥ ትንሽ ናት፤ እስካሁን በጠጣሽው አትደንግጪ። ቀጣዩ የክትትል ቀጠሮሽ ላይ ግን ለሐኪምሽ ንገሪ። ከእርግዝና ውጭ አንድ ቀንበጥ በስኒ፣ ወይም አይብ ላይ ትንሽ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለሆድ ቁርጠት ብለው እፍኝ ሙሉ የሚጨምቁ አሉ፤ እሱን አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም ከርክሜ በማግስቱ ክንዴ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጣ። ሰው የቡዳ ተክል ነው፣ ተቆጥቶብህ ነው አለኝ።

ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኛል። እጅጌዬን ሰብስቤ እኩለ ቀን ላይ ስከረክም ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ክንዴ እሳት የነካው መሰለ። ጠባሳው ወራት ቆየ። ምክንያቱ ጭማቂው ነው። ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ሎሚም ይህን ጠባይ አለው፤ ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ዳማከሴ ከበሶብላ ወገን ስለሆነ እንዲህ አያደርግም። ጤና አዳምን አመሻሽ ላይ፣ ረጅም እጅጌና ጓንት አድርገህ ከርክም። ከነካህ ወዲያው በሳሙና ታጠብ። ልጆችም ሥሩ አይጫወቱ።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ እዚህ ችግኝ መሸጫ ያገኘሁት ጤና አዳም የእኛው ነው?

የቅርብ ዘመዱ ሳይሆን አይቀርም። ቢጫ አበባውን ጠጋ ብለሽ እዪ። የእኛው የአበባ ጠርዝ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተበጣጠሰ ነው። የዚያኛው ጠርዝ ሞገድ ይመስላል እንጂ ዘርፍ የለውም፤ ብርድም የበለጠ ይችላል። የቆዳውም የእርግዝናውም ጥንቃቄ ለሁለቱም እኩል ነው። ዳማከሴ ካለሽ በማሰሮ ያዢው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር ቤት አስገቢው። ከአገር ቤት ችግኝ በሻንጣ አታምጪ፤ ያለ ተክል ጤና ምስክር ወረቀት ችግኝ ማስገባት ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ለክረምት አድርቄ ላስቀምጣቸው?

የጤና አዳምን ፍሬ አድርቂ። በርበሬ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፤ ሽታውም ይቆያል። ቅጠላቸውን ግን የሁለቱንም ከተክሉ ቀጥፎ በእርጥቡ መጠቀም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በረንዳዬ የሚይዘው አንድ ማሰሮ ነው። የቱን ልትከል?

ፀሐይዋን እያት። በረንዳህ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል የምትቆይ ከሆነ ጤና አዳም ትከል። ለሳምንት መስክ ብትወጣም ይጠብቅሃል። ጥላ የሚበዛበት ከሆነ ዳማከሴ ይሁን፤ እሱ ግን ሰፋ ያለ ማሰሮና በየሁለት ቀኑ ውሃ ይፈልጋል። ቁጥቋጦ ስለሆነ ካልከረከምከው በረንዳውን ይሞላዋል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ፀሐይም ቢኖርህ ዳማከሴውን ምረጥ። ማሰሮውን ስትገዛ ደግሞ ገልብጠህ እይ፤ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው።